ቀዩና ነጩ ገመድ

በጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ መኪና ግርግር በሚወርደው መንገድ፣ ልብስ ሰፊዎቹ ከነመኪናቸው ከተደረደሩበት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ሰው ጎንበስ ሳይል የማይገባባት የሬዲዮና የቪዲዮ ዴክ መጠገኛ ሱቅ ነበረች። ባለቤቷ ነስሮ ይባላል። ነስሮን ስለ ገመድ መጠየቅ ማለት ከሰዓቱን እዚያው መዋል ማለት ነበር። አንዱ ምስኪን «ነስሮ፣ አንዋር ጋ ያለው ባለ ወርቅ ጫፍ ገመድ ይሻለኛል ወይስ ይሄ ተራው?» ብሎ አፉን ከከፈተ አለቀለት። ነስሮ የያዘውን ሬዲዮ ያስቀምጣል፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅላል፣ ጫቱን ወደ አንድ ጉንጩ ሰብሰብ ያደርጋል፣ ከዚያ ይጀምራል።

«አቦ! ወርቅ ካማረህ ለሚስትህ ግዛላት! ሽቦ ያው ሽቦ ነው። ድምፅ በውስጡ ሲያልፍ ስንት ተገዛህ ብሎ አይጠይቀውም።»

በወሬ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ አያበቃም። ከጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ቁራጭ ጨርቅ ይዋስና የሰውየውን ዓይን ያስራል። አንዱን ገመድ ይሰካል፣ ይነቅላል፣ ሌላውን ይሰካል። «በል ንገረኝ፣ ወርቁ የቱ ነው?» ይለዋል። አንድ ቀን ራሱን አንዋርን፣ ፈረስ መጋላ ላይ ባለ መስታወት ሱቅ ከፍቶ ውድ ውድ ገመድ የሚሸጠውን ወጣት፣ እጁን ጎትቶ አስቀመጠውና ዓይኑን አሰረው። አንዋር አፉን ሞልቶ «ይሄኛው ነው ወርቁ!» አለ። የተሰካው በአሥር ብር የሚሸጠው ነበር። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን አቁመው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አንዋር ጨርቁን ወርውሮ ሄደ፤ ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ አላለፈም።

ነስሮ ልክ ነበር። ይሄን ከአሁኑ እናገራለሁ፣ ኋላ አላለም እንዳልባል። ያ የወርቅ ቅብ ለሰው ቴሌቪዥን ቅንጣት ታህል የሚጨምርለት ነገር የለም። ያ ሁሉ መዓት የወረደው ልክ በነበረ ሰው ላይ ነው፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው።

ነስሮ የድሬ ጠያራ ገበሬ ልጅ ነው። ከተማ ያስገባው የአባቱ ሬዲዮ ነው። ሬዲዮው ድምፁ ጠፋበትና በጨርቅ ጠቅልሎ ጋሽ እንደሻው ዘንድ ይዞት መጣ። ጋሽ እንደሻው ከጀጎል ግንብ ውጭ የሚኖሩ፣ በቀድሞው ጦር የመገናኛ ሠራተኛ የነበሩ፣ በ1983 ጦሩ ሲበተን አንድ ቴስተርና ጥቂት መፍቻ ይዘው ቤታቸው የገቡ ሰው ናቸው። ነስሮ ሬዲዮው እስኪጠገን ቁጭ ብሎ ሲያይ ዋለ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። በሦስተኛው ቀን «አንተ፣ ሌላ ሥራ የለህም?» አሉት። «የለኝም» አላቸው። በዚያው ቀረ።

ጋሽ እንደሻው ብዙ አይናገሩም። ሁለት ነገር ግን ጠዋት ማታ ይደጋግሙበት ነበር። «ሳትበይድ የጠመዘዝከውን ሽቦ እንደተቀጠለ አትቁጠረው፤ ሥራህን በጆሮህ ሳትሰማ ለሰው አታስረክብ» ይሉታል። ነስሮ ሁለቱንም በልቡ ያዘ። የራሱን ሱቅ ከከፈተ በኋላ እንኳ ማንም ቢቸኩል፣ ማንም ቢቆጣ፣ ሳይበይድና ሳይሰማ ዕቃ አስረክቦ አያውቅም። ከአንድ ቀን በስተቀር።

ሚስቱ ሳዳ ትባላለች፤ የእሱው አገር ልጅ ናት። ፈላና በር አጠገብ በተከራዩት ቤት ይኖራሉ፤ እሷ ኦቾሎኒ ቆልታ በር ላይ ትሸጣለች። ሳዳን ያወቀ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ድምፅዋን ነው። አቤት ድምፅ! ሳዳ «ነስሮ!» ብላ ስትጣራ ስሙ ነስሮ ያልሆነውም ጎረቤት አቤት ይል ነበር። ሴቶች በሰርግ ሲሰበሰቡ ዘፈኑን የምታወጣው እሷ ነበረች። ልጃቸውን ሙናን የወለደች ዕለት ከሕፃኗ ለቅሶ ይልቅ የሳዳ ሳቅ ግቢውን ሞላው እያሉ ያወሩ ነበር፤ መቼም የሰው ወሬ ነው።

ሙና ሦስተኛ ዓመቷን ስትይዝ፣ በ1988፣ ሳዳ ጡቷ ላይ እብጠት እንዳለ ተናገረች። ከተናገረችበት ጊዜ ይልቅ የደበቀችበት ጊዜ ይበልጥ ነበር። ሆስፒታል ወሰዳት። ሐኪሙ ነስሮን ብቻውን ጠርቶ «ዘግይታችኋል» አለው። ሌላ የተጨመረ ነገር የለም። በሦስት ወር ውስጥ ያ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ድምፅ አልጋዋ አጠገብ ጆሮ ካልደቀኑ የማይሰማ ሆነ።

አንድ ጁምዓ ቀን እጁን ይዛ እንዲህ አለችው፦ «ሙና ስትዳር ዱዓ የማደርግላት እኔ ነበርኩ። ልጅ ከእናቷ ቤት ያለ ዱዓ አትወጣም። ያ የቪዲዮ ሰው ካሜራውን ያምጣና ዛሬ ላድርግላት። የሰርጓ ቀን ትስማው።»

ነስሮ አልቅሶ ቢወጣለት ይሻል ነበር፤ ዋጥ አድርጎ «እሺ» አላት።

«አንድ ነገር ማልልኝ» አለች። «ከእሷ በፊት የማንም ጆሮ እንዳይገባበት። የአንተም ቢሆን። የእናትና የልጅ ነገር ነው። አማና።»

«ወላሂ» አላት።

አማና ማለት ነስሮ ባደገበት አገር ቀልድ አይደለም። ሰው አደራ የተቀበለውን ዕቃ አገላብጦ እንኳ አያይም፤ ሳንቲም ይሁን ሣጥን፣ እንደታሰረ ተቀብሎ እንደታሰረ ይመልሳል። ነስሮም ይሄን ማለላት።

ሰርግ የሚቀርጸው ወንድወሰን በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ካሜራውን ተሸክሞ መጣ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ካሜራው ግን በባትሪ ይሠራል። ወንድወሰን ካሜራውን ከጓዳው ደፍ ላይ አቆመና ሳዳን በመስኮቱ ብርሃን አያት። «የካሜራው የራሱ ማይክ ይበቃናል» አለ።

«አይበቃም» አለ ነስሮ። «ድምፅዋ ደክሟል። ማይኩ አፏ አጠገብ መሆን አለበት።»

«የማይኬ ገመድ እዚያ አይደርስም። ፈረስ መጋላ አንድ ሱቅ ረጅም አለ፤ ውድ ነው እንጂ ሳይቀጠል ወጥ ሆኖ የተሠራ ነው። ሮጬ ላምጣ?»

እንግዲህ ነስሮ ነው። «አቦ ተወኝ፣ ሽቦ ያው ሽቦ ነው፤ እኔ እቀጥለዋለሁ» አለ። ከሱቁ ቁራጭ ሽቦ አመጣና የማይኩን ገመድ ቆረጠ። የመበየጃውን ብረት ሊያግል ሲል ነው መብራት እንደሌለ ትዝ ያለው። ከሰል አቀጣጥሎ ማጋል ይቻል ነበር። ሳዳ ግን ከወዲያ «ፍጠኑልኝ፣ የዋጥኩት ኪኒን ሳይለቀኝ» አለች። ነስሮ ሽቦውን ከሽቦ ጋር በጣቱ ጠመዘዘ፣ ናስትሮ፣ የሽቦ መሸፈኛውን ፕላስተር፣ ጠቀለለበት። ለግማሽ ሰዓት ነው፣ አለ በልቡ። ከዚያ ሙና እየሮጠች እንዳትጠለፍበት ገመዱን በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ ሰሌኑ ሥር አስገባው።

ወንድወሰን የጆሮ ማዳመጫውን አንስቶ «አንዴ ልስማው» አለ። ሳዳ ራሷን ነቀነቀች። «ማንም አይሰማም አልኩ። ካሜራው ከተዘጋጀ ውጡልኝ።» ወንድወሰን ቀዩን ቁልፍ ተጫነና ወጡ።

ውጭ ግቢው ውስጥ ተቀመጡ፤ ሙና አባቷ ጭን ላይ ሆና የኦቾሎኒ ቅርፊት ትፈለፍል ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ሳዳ ያላትን አቅም አሰባስባ ነስሮን ጠራችው። ነስሮ ገባ፣ ቃል ተለዋወጡ፣ ወጣ። «ምን ፈለገች?» አለው ወንድወሰን። «ምንም» አለ ነስሮ። ስትጨርስ ካሴቱን ሳዳ ራሷ በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው። ከጆሮዋ ሁለቱን የወርቅ ጉትቻዎች አወለቀችና አብራ አሰረቻቸው፤ «ይሄም የሰርጓ ነው» አለች። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ነስሮ በእጁ ቀበራት።

ሰዎች አግባ አሉት፤ አላገባም። ሙናን አጥቦ፣ አብልቶ፣ ጸጉሯን ጎንጉኖ አሳደገ። ሹሩባ የሚሠራው ነገር እንዴት እንደሚያስቅ ልብስ ሰፊዎቹ እስከ ዛሬ ያነሱታል፤ ልጅቷ አንድ ወገን ጸጉሯ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ምድር ሆኖ ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። ሴቶቹ መንገድ ላይ ይዘው ያስተካክሉላታል። እሷ ግን ደንታም የላት። አንዷ ልጅ «እናት የለሽም» ብላ ብታበሽቃት፣ «አለችኝ፤ ሰርጌ ቀን ታናግረኛለች» ትላለች። ይሄን ስትል ፊቷ ላይ ኩራት እንጂ ሐዘን አልነበረም። አክስቷ አይሻ፣ የሳዳ እህት፣ ይሄን በሰማች ቁጥር ዞር ብላ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ጊዜው ተለወጠ። ሰው ሁሉ የቪዲዮ ካሴቱን ጥሎ ሲዲ ያዘ፣ ሲዲውን ጥሎ ፍላሽ ያዘ። ነስሮ አንድ ዴክ ለይቶ አስቀመጠ፤ በየረመዳኑ ፈቶ ያጸዳዋል፣ ላስቲኩን ይቀይርለታል፣ በፕላስቲክ ሸፍኖ ይመልሰዋል። ካሴቱን ግን አንድ ቀንም ከጨርቁ አላወጣውም። አንድ ቅዳሜ ጋሽ እንደሻው እርጅና ላይ ሆነው ሱቁ ብቅ ብለው «ነስሮ፣ ያ ካሴት ሻጋታ እንዳይዘው፤ እስቲ አንዴ አዙረህ እየው» አሉት። «አማና ነው ጋሼ» አላቸው። ዳግም አላነሱትም፤ ሰውየው የሰው ቃል የሚያከብሩ ነበሩ። ምነው በዚያች ቀን ባያከብሩ!

ሙናን በሃያ አንድ ዓመቷ አሚን የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ጠየቃት። አንድ ቃል ሳታንገራግር እሺ አለች። «ያገባችው አሚንን ነው ወይስ ካሴቱን?» ብለው ጎረቤቶቿ ቀለዱባት። እሷም ሳቀች፤ «ሁለቱንም» አለች።

ሰርጓ በ2006 ሆነ። ከአባቷ ቤት የምትወጣበት ሰዓት ሲደርስ ሴቶቹ ቤቱን ጢም አድርገው ሞሉት። ነስሮ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ዴኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር በተራው ባለ ሦስት ቀለም ገመድ አያያዘ፤ ቢጫው ለምስሉ፣ ቀዩና ነጩ ለድምፁ። ጨርቁን ፈታ፣ ጉትቻዎቹን ለሙና ሰጣት፣ ካሴቱን አስገባ። መጀመሪያ ዝናብ የመሰለ ነገር መጣ፣ ቀጥሎ ሳዳ መጣች።

ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ብርቱካንማ ሻርፕ አስራለች። ሙና ነፍስ ካወቀች ወዲህ የእናቷን ፊት ሲንቀሳቀስ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሳዳ ካሜራውን አየችና አፏን ከፈተች። ተናገረች፤ እጆቿን ዘርግታ ለዱዓ ከፍ አደረገች፤ ከንፈሯ ሳያቋርጥ ይንቀሳቀሳል። ድምፅ የለም።

«ድምፁን ጨምርበት» አለች አንዷ። ነስሮ ጨመረ። ሽ... ከሚል በቀር የለም። እስከ መጨረሻው ጨመረው። ሽታው እንጂ ወጡ የሌለ ድስት ይመስል ሳዳ እየታየች የለችም። አይሻ «ያ ረቢ፣ ምንድን ነው?» አለች። ሙና በሰርግ ልብሷ እንዳለች ዞረችና «አባ?» አለችው።

ነስሮ በሕይወቱ ተናግሮት የማያውቀው ቃል ከአፉ አመለጠ።

«ገመዱ ነው» አለ።

ምን ይበል ታዲያ? ያ ሁሉ ሴት እያየው፣ ልጁ ለዚያች ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ጠብቃ! ሚኒባሱ ውጭ ጥሩንባውን ይነፋል። አይሻ በእህቷ ፈንታ ዱዓ አደረገችላት፤ ሙና አሜን አለች፤ እያለቀሰች ወጣች። ሰው ሁሉ ለሙሽራ የተለመደው ለቅሶ መሰለው።

በማግስቱ ጠዋት ነስሮ በዚያው ገመድ፣ በዚያው ዴክ ሌላ ካሴት አጫወተ። የሰው ሰርግ ነው፤ ከበሮው ቤቱን አናወጠው። ገመዱ ደህና ነው። ዴኩም ደህና ነው። ዴኩን ዘጋና ሱቁ ሄደ። ነስሮ ቁራጭ ሽቦ የሚጥል ሰው አይደለም፤ ትልቅ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ያጠራቅማል። ቆርቆሮውን መሬት ላይ ዘረገፈው። ከታች፣ ከሁሉም ሥር፣ ከቀረጻው በኋላ ቆርጦ ያስቀረውን፣ ናስትሮ የተጠቀለለበትን የማይክ ገመድ አገኘው። በቴስተር ለካው። የቴስተሩ ቀስት ንቅንቅ አላለም። ናስትሮውን በምላጭ ቀደደው፤ ሁለቱ ሽቦዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ አልተነካኩም። ያኔ ሰሌን ሥር በእግሩ ሲገፋው ተስቦ ተላቋል። ማይክ ሲሰካበት ደግሞ ካሜራው የራሱን ጆሮ፣ አብሮት የተሠራውን ማይክ፣ ይደፍናል፤ ይሄን ነስሮ ከማንም በላይ ያውቃል። ያንን ማይክ ባይሰካ ኖሮ፣ ወይ ወንድወሰንን ሮጠህ አምጣ ብሎት ቢሆን፣ ወይ ከሰል ቢያቀጣጥል፣ ሳዳ ትሰማ ነበር። ውድ ገመድ አያስፈልጋትም ነበር፤ የተበየደ ገመድ ብቻ። ነስሮ ሱቁ ውስጥ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ልብስ ሰፊው አንገቱን አስግጎ «ደህና ነህ?» አለው። «ደህና ነኝ» አለ።

ሄዶ ሊነግራት ተነሳ። እውነቴን ነው፣ ሊነግራት ነበር። በሰርጓ ሳምንት ልጄን እንዴት እንዲህ እላታለሁ ብሎ ለሳምንት አዘገየው። በሳምንቱ ሙና እሷ ራሷ መጣች፤ በእጇ አዲስ ገመድ ይዛለች።

ለካ አንዋር ጋ ሄዳለች። «አባቴ ገመዱ ነው አለ» ብላ ስትነግረው አንዋር ጆሮውን ማመን አቅቶታል። «ማን? ጋሽ ነስሮ? ጋሽ ነስሮ ገመድ ነው አለ?» እያለ ሦስት ጊዜ አስደገማት። ደስታው ይታያችሁ! ያኔ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የተሳቀበት ሰው። እንዲያውም ቅናሽ አደረገላት።

ነስሮ ገመዱን ተቀብሎ ሰካው። ሳዳ መጣች፣ አፏን ከፈተች፣ ሽ... አለ። ሙና የአባቷን ፊት አየችና «ከዚህ የሚሻል አለ ብሎኛል» አለች። ነስሮ ዝም አለ። ዝም ማለት ደግሞ እሺ ማለት ሆነ።

ከዚያ በኋላ በየጁምዓው መምጣት ጀመረች። አንዴ ወፍራም ጥቁር ገመድ ታመጣለች፣ አንዴ ባሏ ከድሬዳዋ የገዛውን፣ አንዴ ከጅጅጋ የመጣ፣ ሣጥኑ ላይ ወርቅ የተሣለበት። ነስሮ እያንዳንዱን በገዛ እጁ ይሰካል። ማታ ማታ «የሚቀጥለው ጁምዓ እነግራታለሁ» ይላል። ጁምዓ ሲመጣ ልጁ በር ላይ ገመድ ይዛ፣ ፊቷ በርቶ ትቆማለች፤ እሱም ገመዱን ይቀበላታል። መንገድ ላይ ሰው ስለ ገመድ ቢጠይቀው መልስ መስጠት ተወ። ልብስ ሰፊዎቹ «ነስሮ ምን ነክቶት ነው?» ተባባሉ። ያ ዓይን የሚታሰርበት ቁራጭ ጨርቅ ከተሰቀለበት አልወረደም።

እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ወር ሄደ። ከዚያ አንድ ጁምዓ ሙና መጣችና ጫማዋን ሳታወልቅ ገባች። ነፍሰ ጡር ነች። በእጇ እንደ ሽቶ ዕቃ ያማረ ሣጥን ይዛለች። አንዋር ከዱባይ አስመጥቶላት ነው፤ ጫፉ ወርቅ፣ ሽቦው ብር። ነስሮ ሣጥኑን ሳይሆን ጆሮዎቿን አየ። ባዶ ናቸው።

«ጉትቻሽስ?» አላት።

«ወርቁን በወርቅ ለወጥኩት» አለች እየሳቀች። «ምን አለበት አባ፣ ድምፅዋን ከሰማሁ ወርቁ ምን ያደርግልኛል?»

ነስሮ በዚያች ደቂቃ መናገር ነበረበት። እጁ ግን በልማድ ሣጥኑን ከፈተ፣ ቀዩን ሰካ፣ ነጩን ሰካ፣ ቢጫውን ሰካ። ሳዳ ትራሷን ተደግፋ መጣች። አፏን ከፈተች። ሽ... ሙና ሄዳ ጆሮዋን፣ ያን ባዶ ጆሮዋን፣ የቴሌቪዥኑ ድምፅ ማውጫ ላይ ለጠፈችው። እንደዚያ ሆና፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «የሆነ ነገር አለ መሰለኝ አባ» አለች።

«የለም» አላት።

«አለ፣ ከሥር...»

«የለም ልጄ። ገመዱ አይደለም። መጀመሪያውኑ አልተቀዳም። ማይኩን የቀጠልኩት እኔ ነኝ፤ ሳልበይድ በጣቴ ጠምዝዤ።»

ሁሉንም ነገራት። የመብራቱን ነገር፣ የሰሌኑን ነገር፣ ቆርቆሮው ውስጥ ያገኘውን። ሙና ቴሌቪዥኑ ሥር እንደተንበረከከች ሰማችው። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«መቼ አወቅክ?»

«በሰርግሽ ማግስት።»

እንድትነሳ እጁን ሰጣት፤ አልያዘችውም። ካሴቱን አወጣች፣ ዴኩን ነቅላ ከተራው ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ጋር አቀፈች፤ የዱባዩን ገመድ ሣጥኑ ላይ ጥላው ወጣች። ነስሮ በዚያው ሰዓት ጉትቻዎቹን የገዛት ወርቅ ሠሪ ዘንድ ሮጠ። ጉትቻዎቹ ቀልጠው የሌላ ሰው ቀለበት ሆነዋል። አንዋር ነገሩን ሲሰማ የነስሮ ሱቅ ድረስ መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ «ወላሂ ጋሼ፣ እርስዎ ገመድ ነው ካሉ እውነት መስሎኝ ነው» አለ። ይሄን ያለው በተንኮል አልነበረም፤ ለዚህ ነው ነስሮን የባሰ የጎዳው። «ልክ ነህ» አለው። ሌላ ምን ይለዋል?

ሙና ወለደች፤ ሴት ልጅ። ለነስሮ የተነገረው በሰው ነው። ልጅቷ ድክ ድክ ስትል አየኋት ያለውም ልብስ ሰፊው ነው። በሩ ድረስ ሄዶ የተመለሰበት ቀን ብዙ ነው። ከዚያ በ2009 አንድ ጁምዓ፣ ከሶላት ሲወጣ አሚን መኪናውን አቁሞ ጠበቀው። «ሙና ትፈልግሃለች» አለው።

ገባ። ሻይ አቀረበችለት፤ ፊቷ ላይ ቁጣም ሳቅም የለም። ዴኩ ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጧል። የተሰካው ቢጫው ብቻ ነው።

«ቁጭ በል» አለችው። «እሷን የምታውቃት አንተ ነህ። ንግግሯንም አፏንም ታውቀዋለህ። ምን እንደምትል ንገረኝ።»

ነስሮ መነጽሩን ጠራርጎ አደረገ። ሳዳ መጣች። ያቺን ሴት አምስት ዓመት አብሯት ኖሯል፤ ከንፈሯን አተኩሮ አይቶት ግን አያውቅም፤ ሲያያት ሁልጊዜ ይሰማት ነበርና። «እዚህ ጋ ስምሽን ጠራች» አለ። «እዚህም።» ሙና ራሷን ነቀነቀች፤ ይሄን እሷም ደርሳበታለች። «ከዚያስ?» ነስሮ አጎነበሰ፣ ቴሌቪዥኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጋ። «አላውቅም።» «ይሄስ?» «አላውቅም ልጄ።» «ይሄስ አባ?» «አላውቅም።» ሕፃኗ መጥታ ጉልበቱን ይዛ ቆመች፤ ማን እንደሆነ የነገራት የለም፤ እሱም ራሷን ለመዳሰስ ፈራ።

ካሴቱ ገሚስ ላይ ሲደርስ ሳዳ ፊቷን ወደ በሩ መለሰችና የሆነ ነገር ተናገረች። ከጎን አንድ ጸጉሩ የከረደደ ወጣት ገባ። ጎንበስ አለላት። እሷ ጠየቀችው፣ እሱ መለሰላት፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወጣ። ሙና ዴኩን አቆመችው።

«እዚህ ላይ ያለኸው አንተ ነህ» አለች። «ይሄንንስ አታውቀውም?»

ነስሮ መነጽሩን አወለቀ።

«አውቀዋለሁ» አለ። «‘ነስሮ፣ ይሰማል ወይ?’ አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«‘ወላሂ ይሰማል’ አልኳት።»

ሙና ጣቷን ዘርግታ ቁልፉን ተጫነችው። ሳዳ ፊቷን ከበሩ ወደ ካሜራው መለሰች፣ ፈገግ አለች፣ ንግግሯንም ካቆመችበት ቀጠለች።